ሃያ ዳውላ የምታወጣው ጋሪ

በቅሎ አክስቷን አህያን በደለቻት። በዳይና ተበዳይ የሚታወቁት መጨረሻ ላይ ነው የሚል ካለ፣ ይህ ተረት እንዲያ አይደለም። በዳይዋ በቅሎ ናት፣ ተበዳይዋ አህያ ናት፣ በመካከላቸው የጠፋችው ጋሪ ናት። እንዴት እንደ ሆነ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን አድምጡ።

ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ እንጨትም እንደ ሰው ሲናገር፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ አንድ መንገድ ነበረ። የእንቆቆ ቁልቁለት ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት የወረዱት ናቸው። አህያ በዚህ መንገድ ገብስ ታወርዳለች፣ ጨው ታወጣለች። ገብስ ታወርዳለች፣ ጨው ታወጣለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያለቻት አንዲት ጋሪ ናት። ጋሪዋ የወይራ ናት፤ ሁለት መንኮራኩር፣ አንድ ዘንግ፣ ብዙ አፍ። አህያ ስትዘገይ "ዛሬ ምን ረግጠሽ ነው እግርሽ የከበደው?" ትላታለች። ስትፈጥን ደግሞ "ሠርግ ተጠርተሻል እንዴ?" ትላታለች። አህያም በበኩሏ፣ የአንቺ መንኮራኩር ሲንቋቋ ጅብ እንኳ እንቅልፍ አጣ ብላ ትመልስላታለች። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ተባብለው ኖሩ። በመንገድ ያያቸው ሁሉ የተጣሉ ይመስለው ነበር። አልተጣሉም፤ አንዳቸው ከሌላቸው በቀር የሚያናግራቸው ስለሌለ ነው።

በዚያ አገር ያሉ መንገደኛ እንስሳት ተማክረው አንድ ትልቅ ጎተራ ሠርተዋል። ባለጋሪ ሁሉ በያመቱ ከእህሉ ጥቂት ጥቂት ያገባል፤ ጋሪው የተሰበረበት፣ የተዘረፈበት፣ የተቃጠለበት ደግሞ ከጎተራው ይሰጠዋል። ይህን ዋስ ይሉታል። እድር ለሞተ ነው፣ ዋስ ለተሰበረ ነው። ከቤት ቤት እየዞረች ዋስ የምታስገባው የጎተራው መልእክተኛ በቅሎ ናት። ጎተራው አርባ ባለጋሪ ሙሉ ዋስ ያስገባ መልእክተኛ የአንገት ቃጭል ይሸለማል ብሏል። በቅሎ ሠላሳ ዘጠኝ አስገብታ አንድ ጎደላት። ያቺን አንዷን ፍለጋ ስትዞር አክስቷ ትዝ አለቻት። አንዳንድ ዘመድ እንዲህ ነው፤ ቁጥር ሲጎድልበት ያስታውስሃል።

በቅሎ የአህያ የወንድሟ ልጅ ናት። ስለ አባቷ ሲጠይቋት የእናቷን የፈረስን ነገር እንደምታነሣ አገር ያውቃል። ያደገችው ግን በአህያ ቤት ነው፤ አፍ የፈታችውም እዚያው ነው። ውርንጭላ ሳለች እግሯ ቢወልቅ፣ የሦስት ቀን መንገድ ተሸክማ ወጌሻ ዘንድ ያደረሰቻት ይህችው ጋሪ ናት።

በመጀመሪያው ቀን መጥታ ነገሩን አስረዳቻት። ዋስ ሦስት ዓይነት ነው አለች። አንደኛው የጎረቤት ዋስ ነው። ጋሪዋ የሌላውን ብትገጭ ጎተራው ለተገጨው ይከፍላል፤ ለራሷ ግን ምንም የለም። ያለ እሱ መንገድ መውጣት ክልክል ነው። ሁለተኛው የእሳትና የሌባ ዋስ ነው፤ ጋሪ ብትቃጠል ወይም ብትሰረቅ ነው። ሦስተኛው ሙሉ ዋስ ነው። ድንጋይ ይስበራት፣ ቁልቁለት ይስበራት፣ የራሷ የአህያ እግር አዳልጦ ይስበራት፣ ጎተራው ያሠራታል። ለሙሉ ዋስ የሚገባው እህል ጋሪዋ በምታወጣው ልክ ነው፤ ጋሪዋ ለምታወጣው ለያንዳንዱ ዳውላ አንድ ቁና። አንድ ዳውላ ሃያ ቁና ነውና ብዙ አይደለም አለች በቅሎ። ለማን ብዙ እንዳልሆነ አልተናገረችም።

አህያ ላስብበት ብላ ሸኘቻት።

ሦስት ቀን አሰበች። በመጀመሪያው ቀን ገብሷን አየችው። የዓመት ቀለቧ ስድሳ ቁና ነው። ጋሪዋ ሃያ ዳውላ ታወጣለችና ሃያውን ለጎተራ ብትሰጥ ክረምቱን ሣር እየጋጠች ልትገፋው ነው። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱን አየችው። የፍየል ጋሪ እዚያ ተሰብራ፣ ፍየል አጠገቧ ቆማ ነበር። ፍየል የጎረቤት ዋስ ብቻ ነበራት። ምንም አላለቀሰችም፤ ቆማ ነበር። በሦስተኛው ቀን አህያ ራሷን ጋሪን ጠየቀቻት።

ጋሪ የጎረቤቱን ብቻ ግቢ አለቻት። እኔ አርጅቻለሁ፣ ለአሮጌ እንጨት ይህን ያህል ገብስ አይፈስም፣ ገብሱን ብዪው አለቻት።

"አንቺ ብትሰበሪ ከማን ጋር ልወርድ ነው?" አለች አህያ።

"ከራስሽ ጋር።"

"ከራሴ ጋርማ አልስማማም።"

ጋሪ ይህን ሰምታ፣ እንግዲያው ገብሱ ያንቺ ነው፣ ስትራቢ ግን እኔን እንዳታኝኪኝ አለቻት። በዚህ ተቋጨ። አህያ ሙሉ ዋስ ልትገባ ቆረጠች።

በሁለተኛው ጉብኝት በቅሎ ብራናዋን ይዛ መጣች። ደጁ ላይ፣ ጋሪ ከቆመችበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀመጡ። በቅሎ ብራናዋን ዘረጋችና ጠየቀች።

"አክስቴ፣ ጋሪዎ ስንት ታወጣለች?"

እዚህ ላይ አህያን ለመፍረድ አትቸኩሉ። አህያን ያሳደጋት አገሯ ነው። በዚያ አገር ያለን ማሳነስ ጨዋነትም ነው፣ ጥንቃቄም ነው። ላሚቱ ትታለባለች ወይ ሲባል፣ ወተቱ እየተናጠ "ኧረ እሷስ ደርቃለች" ይባላል። አዝመራው እንዴት ነው ሲባል፣ ነዶው ተከምሮ "በረዶ በላው" ይባላል። ዓይን አለ፤ ግብር ሊቆርጥ የሚመጣ ገማች አለ። የአህያ እናት ገማች በመጣ ቁጥር የገብሱን ክምር "ገለባ ነው" እያለች ነው ልጆቿን ያሳደገችው፤ ገለባ ነው ባትል ኖሮ ልጆቿ ገለባ ይበሉ ነበር። እናም የአህያ ምላስ ሰው ፊት፣ ያውም ብራና ፊት፣ ልቧን ሳያማክር ወጣ።

"ኧረ እሷ ምን ታወጣለች ልጄ፤ አሮጌ ናት።"

በቅሎ፣ አሮጌም ብትሆን ዋጋ አላት፣ ስንት ልበል ስትል ደግማ ጠየቀቻት። አህያ መንኮራኩሯም ተንጋዷል አለች። አልተንጋደደም። በቅሎ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀቻት።

"ማገዶ ናት በያት" አለች አህያ። "አምስት ዳውላ የሰጠባት ካለ የተጎዳው እሱ ነው።"

ያቺ ብዙ አፍ ያላት ጋሪ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በቅሎ ይህን ምላስ ታውቀዋለች፤ በዚያው ቤት ያደገች ናትና። ጋሪዋ ሃያ ዳውላ እንደምታወጣም ታውቃለች። የጎተራውንም ደንብ ታውቃለች፤ አጎድሎ ያስጻፈ፣ የተሰበረ ቀን በጎደለው ልክ ጎድሎ ነው የሚከፈለው። አክስቴ፣ ይህ የገማች ነገር አይደለም፣ እዚህ ላይ ቢያሳንሱ የሚጎዱት ራስዎ ነዎት ብሎ መንገር አንድ ትንፋሽ ነበር። ግን አክስቷ ሃያ ቁና ስትባል ደንግጣ የጎረቤቱ ይበቃኛል ብትልስ? አርባኛዋ ልትቀር ነው። አምስት ቁና ከሆነ ግን እሺ ትላለች። በቅሎ ትንፋሿን ዋጠችና ጻፈች፤ አምስት ዳውላ። አህያ ኮቴዋን ቀለም ነክራ አተመችበት። በሳምንቱ በቅሎ አንገት ላይ ቃጭል ተንጠለጠለ።

ያን ሰሞን አህያ ቀለል ብሏት ሰነበተች። አምስት ቁና ብቻ ከፍላ ሙሉ ዋስ ገባች። ሙሉ የሚለው ቃል ይጣፍጣል፤ የምኑ ሙሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ግንቦት ሲጋመስ፣ የሚወርድ ገብስ አልቆ፣ አህያ ጨው ልታመጣ ባዶ ጋሪዋን ይዛ ስትወርድ፣ ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ሸሸባት። ተንሸራተተች። ጋሪ ከኋላዋ ትከብድባት ጀመር።

"ልቀቂኝ" አለቻት ጋሪ። "ሁለታችን ከምንወድቅ ልቀቂኝ።"

አህያ አልለቀቀችም፤ መጫኛው ነው የተበጠሰው። ጋሪ ብቻዋን ወረደች፣ ከቋጥኝ ተላተመች፣ ታች ወንዙ ዳር ጠጠሩ ላይ ሄዳ ተጋደመች። አህያ ስትደርስ አንደኛው መንኮራኩር አራት ቦታ ሆኗል፣ ዘንጉ ተሰብሯል። ጋሪ ግን፣ አንቺ ደህና ነሽ ወይ ብላ መጀመሪያ የጠየቀችው እሷ ናት።

በዚያ አገር አናጢው ግንደ ቆርቁር ነው። መጣ፣ ዞረ፣ አንኳኳት፣ ጆሮውን ጣል አደረገ። ሰውነቷ ጤነኛ ነው አለ፤ አዲስ መንኮራኩርና አዲስ ዘንግ ካገኘች ገና አሥር ዓመት ትሄዳለች። ሳትሠራ ዳገቱን ብትጎተት ግን ትፈራርሳለች፤ የምትሠራው እዚሁ ነው። ዋጋው ስምንት ዳውላ ነው። አምስቱን አሁን ስጪኝና ወይራውን ልግዛ፣ ሦስቱን አዝመራ ሲገባ ትከፍይኛለሽ አላት። አህያ አምስት ሲል ሰምታ ፊቷ በራ። አምስት ተጽፎላታላ። ጋሪንም አይዞሽ፣ ዋስ አለሽ አለቻት።

ነገር ግን የተሰበረ ጋሪ ገማቹ ሳያየው አይነካም፤ ደንብ ነው። ገማቹ ደግሞ አባ ዔሊ ነው። ዔሊን ገማች አድርጎ የሾመው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቢታወቅም አያምርበትም። አባ ዔሊ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ዘጠኙንም ቀን አህያ ወንዝ ዳር እየዋለች ዝንብ ከጋሪዋ ላይ አባረረች። ጋሪም፣ ዝንብ እንጨት አይነክስም፣ ራስሽን ጠብቂ ስትላት ሰነበተች።

አባ ዔሊ ቀርፋፋ ይሁን እንጂ ሐቀኛ ነበር። ጋሪዋን ከእግር እስከ ራስ አያት፣ ብራናውንም አየ፣ ደግሞም ጋሪዋን አየ።

"ልጄ፣ ይህቺ ጋሪ ሳትሰበር ሃያ ዳውላ ታወጣ ነበር" አላት።

አህያ ምስጋና መሰላት። አዎን፣ ታወጣ ነበር አለች። እውነቱን አፍ አውጥታ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አባ ዔሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ። "ከአራት እጅ አንዱን እጅ ነው ዋስ ያስገባሻት። ለሦስቱ እጅ ዋሷ አንቺው ራስሽ ነሽ ማለት ነው። እንግዲህ ከስብራቷም ከአራት እጅ አንዱን ነው ጎተራው የሚሰጥሽ። ስምንት ለሚፈጅ ስብራት ሁለት ዳውላ።"

አህያ እየሮጠች ጎተራው ዘንድ ሄደች። አለቀሰች። ጎተራው በትልቁ ሆዱ አዳመጣትና፣ እኔ የምሰጠው የተጻፈውን ነው፣ የተለቀሰውን መስጠት ከጀመርኩ ለመስከረም ባዶ ነኝ፣ የፍየልም የበሬም እህል እኔው ሆድ ውስጥ ነው አላት። ክፉ አልነበረም። ጎተራ ነበር። ሁለት ዳውላዋን ሰፈረላት።

ሦስት ዳውላ ጎደለ፤ የራሷ ቀለብ ደግሞ ተሟጧል። አህያ ሦስት ደጅ ሄደች። መጀመሪያ በሬ ዘንድ ሄደች። በሬ አፍሮ ግማሽ ዳውላ ሰጣት፤ ለዘር ካስቀመጠው ቀንሶ ነው። ሁለተኛ ፍየል ዘንድ ሄደች። ፍየል የራሷን ጋሪ ያጣች ናትና የምትሰጠው አልነበራትም፤ አብራት ቁጭ ብላ ዋለች። ሦስተኛ በቅሎ ዘንድ ሄደች። በቅሎ ስትነሣ ቃጭሉ አንቃጨለ። አህያ ሁለት ዳውላ ተኩል አበድሪኝ፣ ወንዙ ሳይሞላ ላንሣት ብላ ለመነቻት። በቅሎ የክረምት ቀለብ እንዳነሳት፣ እሷም ችግር ላይ እንዳለች፣ ደንቡንም ያወጣችው እሷ እንዳልሆነች ዘረዘረች።

"ደግሞስ አክስቴ፣ እኔ ያሉኝን ነው የጻፍኩት።"

በቅሎ ያለችው እውነት ነው። አህያ አምስት ብላ ነበር፤ ተጽፎባታል።

ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ተመለሰች። ደጋው ላይ ደመና ጠቁሯል፤ የወንዙ ውሃ ቀለሙ መለወጥ ጀምሯል። አህያ ከጋሪ አጠገብ ተቀመጠች። ስንት እንደ ሰበሰበች ነገረቻት። ጋሪ ግን ሌላ ነገር አነሣች።

"ያን ዕለት ማገዶ ናት ስትዪ ሰምቻለሁ።"

አህያ ራሷን ደፋች። ክፉ ዓይን እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ ልማድ ነው፣ ምላሴ ቀድሞኝ ነው አለች።

"አውቃለሁ። ለምን እንዳልሽ አውቃለሁ። እኔም ዝም ያልኩት አንድ ነገር ብናገር ገብስሽን የፈለግሁ እንዳይመስልሽ ነው። አሁን ግን ማንም የለም፣ ብራናም የለም። ስንት አወጣለሁ?"

"ሃያ ዳውላ" አለች አህያ። "ሃያ አምስትም ቢሰጡኝ አልሸጥሽም።"

ጋሪ በተሰበረ ዘንጓ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አሰማች።

"ለእኔማ ምን ያደርግልኛል፤ ለበቅሎ ነበር መንገር።"

ከዚያ ወዲያ ነገር አላነሡም። አህያ ስትነሣ ጋሪ፣ ስትወጪ በግራ በኩል ሂጂ፣ በቀኙ ጠጠሩ ይከዳል አለቻት። በግራ በኩል ወጣች። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘነበ። ጠዋት አህያና በሬ ገመድ ይዘው፣ ቢያንስ ከወንዙ ፈቀቅ እናድርጋት ብለው ሲወርዱ፣ ወንዙ እስከ ቋጥኙ ሞልቷል። የተጋደመችበት ቦታ ውሃ ነው። በሬ ወደ ታች ወንዙን ተከትሎ ግማሽ ቀን ሄደ፣ ተመለሰ። አህያ ምን አየህ ብላ አልጠየቀችውም።

ለእንጨት ይለቀሳል ወይ ያሉ ነበሩ። የመጡም ነበሩ። ፍየል መጣች፣ በሬ መጣ፣ ግንደ ቆርቁር መጥቶ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሳያንኳኳ ዋለ። አባ ዔሊ እንኳ ተነሥቷል ተባለ፤ የደረሰው ግን በአርባዋ ነው። በቅሎም መጣች። ቃጭሏን በሣር ጠቅጥቃ፣ ድምፅ እንዳይኖረው አድርጋ መጣች። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ እግዜር ያጽናዎት አክስቴ፣ እኔ እንኳ ያሉኝን ነው የጻፍኩት አለች። ለቀስተኛው ወደ አህያ ዞረ። አህያ ወደ ወንዙ በኩል አየች።

ክረምቱ ወጣ፣ ዓመቱ ዞረ። አህያ አሁን ገብሱንም ጨውንም የምትጭነው በጀርባዋ ነው። በጋሪ በአንድ ቀን የምታደርሰው አራት ቀን ይፈጅባታል። ጀርባዋ ተገጥቧል። ቁልቁለቱን በግራ በኩል ትወርዳለች፣ በግራ በኩል ትወጣለች። ስትፈጥን ሠርግ ተጠርተሻል ወይ የሚላት የለም። አንዳንዴ ዝም ብላ ትቆምና ወደ ኋላዋ ትመለከታለች፤ ሸክሙ ያዘመመባት የሚመስለው መንገደኛ አለ፣ እሷ ግን ሸክሙን አይደለም የምታየው።

አንድ ቀን በቅሎ ብራናዋን ይዛ፣ ለዋስ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ደጇ መጣች። ጎተራው አዲስ ዋስ አውጥቷል አለች። ጋሪ ለሌለው፣ በጀርባው ለሚጭን፣ ለራሱ ለጫኙ ሰውነት የሚገባ ዋስ ነው። እግር ቢሰበር፣ ወገብ ቢቀጠቀጥ ጎተራው ያስታምማል። እርስዎን የመሰለ ብቸኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አያገኝም አለቻት። በዚህም ላይ ከዘመድ እጅ መግባት ይሻላል አለች። ብራናውን ዘረጋች። ባለፈው የሆነው ሆነ፣ እኔ ያሉኝን ነው የጻፍኩት፣ አሁንም የሚሉኝን እጽፋለሁ አለችና ጠየቀች።

"አክስቴ፣ እርስዎ ስንት ያወጣሉ?"

አህያ ብራናውን በአፍንጫዋ ወደ እሷ መልሳ ገፋችውና እንዲህ አለቻት፦

"ልጄ፣ ጋሪዬን ያሳነስኩ እኔ ነኝ፤ እሱን ከእሷው ጋር ወንዝ ዳር ተነጋግረን ጨርሰናል። ያን ዕለት ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጥሽውን ዘመዴ ናት ብዬ ነበር። ፈሪ የራሱን ሲያሳንስ ዘመድ ያርመዋል፤ ባዳ ይጽፈዋል።"